አምና የተከተበች ላም ዘንድሮ ለምን ታመመች?

ላሚቱ አምና ተከትባለች። ዘንድሮ ግን ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መኖ ሲያቀርቡላት ትሸሻለች፣ አንድ እግሯን እያነሣች ታራግፋለች። አፏን ከፍተው ቢያዩ ምላሷና ድዷ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። በሰኮናዋ መሐልም እንዲሁ። አፍተግር ነው። ወላይታ ውስጥ ሶዶ ዙሪያም ይሁን ቦዲቲ፣ አረካም ይሁን ሁምቦ፣ ባለ ላሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ታዲያ መርፌው ምን ሠራ?»

ብዙ ጊዜ መልሱ «ክትባቱ ተበላሽቶ ነበር» ወይም «ባለሙያው ውሃ ወግቶ ሄደ» ይሆናል። ክትባት የሚበላሽበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ በኋላ እናየዋለን። ነገር ግን ክትባቱም ደህና፣ አወጋጉም ደህና ሆኖ ላሚቱ ልትታመም ትችላለች። ምክንያቱ ቫይረሱ የሚራባበት መንገድ ነው። እሱን ከተረዱ መቼ ማስከተብ፣ የገዙትን በሬ የት ማሰር፣ ለባለሙያው ምን ማሳየት እንዳለብዎ ለራስዎ ይገለጥልዎታል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ቫይረስ ምንድን ነው? ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ፣ በራሱ የማይበላና በራሱ የማይራባ ነገር ነው። ያለው አንድ የተጻፈ መመሪያና መመሪያውን የሸፈነ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው። መመሪያው የተጻፈው በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ ጂኖም ይባላል። ቫይረሱ የላሚቱ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ ይህንን ጽሑፍ መገልበጥ ይጀምራል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከአንድ ሕዋስ ብዙ ሺህ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ። በላሚቱ ምላስ ላይ የሚያዩት እብጠት በዚህ መንገድ ያለቁ ሕዋሳት ስፍራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልዋስ። ብራና ላይ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ያስቡ። ሲደክመው ፊደል ይስታል። አራሚ ካለ ያነብብለታል፣ ስሕተቱም ተፍቆ ይቃናል። አራሚ ከሌለ ስሕተቱ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ቅጂ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊ የፊተኛውን ስሕተት ይወርሳል፣ የራሱንም ይጨምርበታል።

የአፍተግር ቫይረስ አራሚ የለውም። ጽሑፉ አጭር ነው፤ 8,400 ገደማ ፊደል ቢሆን ነው። የተጻፈበት ነገር አርኤንኤ ይባላል፤ አርኤንኤን የሚገለብጠው የቫይረሱ መሣሪያ ደግሞ የጻፈውን መልሶ አያይም። በግምት በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ አንድ ፊደል ይሳሳታል። አንዲት የታመመች ላም ውስጥ ስንት ሚሊዮን ቅጂ እንደሚሠራ ሲያስቡት፣ ከላሚቱ የሚወጣው ጥቂት በጥቂት የሚለያይ ብዙ ወገን እንጂ አንድ ዓይነት ቫይረስ አይደለም።

አብዛኛው ስሕተት ቫይረሱን ራሱን ይገድለዋል። ሌላው ምንም አይለውጥም። ጥቂቱ ግን የቅርፊቱን ገጽ ይቀይራል። ለእርስዎ ላም የሚያሰጋው ይኸኛው ነው። የላሚቱ ሰውነት ቫይረስን የሚይዘው ፀረ አካል በተባሉ ደም ውስጥ ባሉ ፕሮቲኖች ሲሆን፣ እነሱ የሚለዩት ያንን የውጭ ገጽ ነው። ገጹ በበቂ ከተለወጠ አምና የተዘጋጀው ፀረ አካል የዘንድሮውን ቫይረስ መያዝ ይሳነዋል።

ለብዙ ዘመን እንዲህ ሲገለበጥና ሲለያይ ቆይቶ አፍተግር ዛሬ በዓለም ላይ ሰባት ትልልቅ ዓይነቶች አሉት። ባለሙያዎች ሴሮታይፕ ይሏቸዋል። ኦ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤዥያ 1፣ ሳት 1፣ ሳት 2 እና ሳት 3 ናቸው። ላሚቱ ስትታመም ሰባቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በዓይን አይለዩም። ነገር ግን ከኦ የዳነች ላም ሳት 2 ሲመጣ ቀድሞ ታማ እንደማታውቅ ላም ናት፤ የአንዱ መከላከያ ለሌላው አያገለግልም።

በኢትዮጵያ አፍተግር ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ ተለይቶ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ ያኔ የተገኙት ኦ እና ሲ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 ተጨምረው አምስት ዓይነት ተመዝግቧል። ሲ የተባለው ከ2004 ወዲህ በዓለም ላይ የትም አልታየም፤ የጠፋ ይመስላል። የቀሩት ግን አልጠፉም። በብዛት የሚገኘው ኦ ነው።

ታዲያ ዓይነቱ ከታወቀ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በአንድ ዓይነት ውስጥም የአካባቢ ዘሮች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚዞረው ኦ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሦስት እና የምሥራቅ አፍሪካ አራት ከሚባሉት ዘሮች ነው። የእስያው ኦ ሌላ ነው። ለእስያው ኦ የተሠራ ክትባት ለእኛው በከፊል ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ በከፊል የሚሠራ ክትባት ደግሞ ላሚቱን ከከባድ ሕመም ቢያድናትም ከመያዝ ላያድናት ይችላል።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በዚያው በስሕተቶቹ ነው። ሁለት ብራናዎች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው ከአንድ ቅጂ እንደ ወጡ የሚታወቅበት ዘዴ፣ ለቫይረስም ይሠራል። ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነቡት ቪፒ 1 የተባለውን፣ 630 ገደማ ፊደል ያለውን የጽሑፉን ክፍል ነው፤ የቅርፊቱን ገጽ የሚሠራው አንዱ ክፍል እሱ ነውና። ይህ ክፍል በዓመት ከመቶ አንድ ያህል ፊደሉን ይለውጣል። ስለዚህ ሁለት ናሙናዎች የሚለያዩበትን ፊደል ቆጥሮ፣ ከጋራ አያታቸው ከተለዩ ስንት ዓመት እንደሆናቸው መገመት ይቻላል።

የዚህ ንባብ ጥቅም ቅርብ ጊዜ ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ኢራቅ ውስጥ ሳት 2 ተነሣ፤ ቀጥሎ ዮርዳኖስና ቱርክ ገባ። ሳት 2 በተለምዶ የአፍሪካ ነው፤ እዚያ አገር የነበሩት ከብቶች አያውቁትም። ናሙናው እንግሊዝ አገር ፐርብራይት ባለው የዓለም ማጣቀሻ ላቦራቶሪ ሲነበብ፣ ዐሥራ አራተኛው ተብሎ ከሚጠራው የሳት 2 ዘር ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘር ቀደም ብሎ የታወቀው ከኢትዮጵያ ሲሆን፣ ለኢራቁ የቀረበው ዘመድም በ2022 ከኢትዮጵያ የተወሰደ ናሙና ነበር። ከእኛ አገር ከብት የተወሰደ ናሙና የመካከለኛውን ምሥራቅ ወረርሽኝ የዘር ሐረግ ነገረ ማለት ነው። የእኛ አገር ናሙና ባይኖር ኖሮ ኢራቆች ይህን ዘር ከምን ጋር ማዛመድ እንዳለባቸው ይቸገሩ ነበር።

አሁን ወደ ወላይታ እንምጣ። ወላይታ ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት አገር ነው። ብዙ ቤት ያለው አንድ ሁለት ላም፣ ቢበዛ ጥማድ በሬ ነው። ከብቱ ጓሮ ታስሮ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ይበላል። እንዲህ ተለያይቶ የሚያድር ከብት በሽታ እንዴት ያገኘዋል ይሉ ይሆናል።

የሚያገኘው በገበያ በኩል ነው። የወላይታ ሰንጋ ስሙ አዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ድረስ የታወቀ ነው። ሲያርስ የከሳ በሬ ይገዛል፣ ለወራት ደጅ ታስሮ በእጅ ይቀለባል፣ ሰብቶ ይሸጣል። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲመጣ ደግሞ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል። አንዱ በሬ ጓሮዎ ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት ገበያ አልፎ፣ በሁለት ሦስት ነጋዴ እጅ ገብቶ፣ መኪና ላይ ከማያውቃቸው ከብቶች ጋር ተዛዝሎ ሊሆን ይችላል። ላም ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወተቱንና ጥጃውን የመካፈል ልማድም አለ፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ከብቱን ከቤት ወደ ቤት ያዛውራል።

ቫይረሱ በከብቱ ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከሁለት እስከ ዐሥራ አራት ቀን ሊቆይ ይችላል። የባሰው፣ ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በትንፋሹና በለሃጩ ማዳረስ መጀመሩ ነው። ሻጩ አላጭበረበረም ይሆናል፤ በሬው የገበያው ዕለት ደህና ይመስል ነበር። ከዳኑ ከብቶችም አንዳንዶቹ ቫይረሱን ጉሮሯቸው ውስጥ ይዘው ይቆያሉ፤ እስከ ሦስት ዓመት ተኩል የቆየበት ታይቷል። ከኦሞ ማዶ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ያለው ዓይነት ጎሽም የሳት ዓይነቶች የቆየ ማደሪያ ነው። ሁሉን በጎሽ ማላከክ ግን አያስኬድም። ጓሮዎ የገባው በሬ የመጣው ከፓርክ ሳይሆን ከገበያ ነው።

እንግዲህ «መርፌው ምን ሠራ» ወደሚለው እንመለስ።

የአፍተግር ክትባት የሞተ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ላቦራቶሪ ውስጥ በሕያዋን ሕዋሳት ላይ ይራባል፣ በኬሚካል ይገደላል፣ ይጣራል፣ ሰውነትን ከሚያነቃቃ ማገዣ ጋር ይቀላቀላል። ቅርፊቱ ስላለ ሰውነት ፀረ አካል ያዘጋጃል፤ የሞተ ስለሆነ በሽታ አያመጣም። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱን የሚያመርተው እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ነው። ሲያመርት የቆየው ኦ፣ ኤ እና ሳት 2ን አንድ ላይ የያዘ ክትባት ነው።

ዋጋው ለምን ይወደዳል? እያንዳንዱ ዓይነት ለብቻው ተራብቶ፣ ለብቻው ተገድሎ፣ ለብቻው ተፈትሾ ነው የሚቀላቀለው። ሦስት ዓይነት ያለበት ብልቃጥ የሦስት ክትባት ሥራ አለበት። የሞተ ቫይረስ ከብቱ ውስጥ ገብቶ ስለማይራባም መጠኑ ከመጀመሪያው ብዙ መሆን አለበት።

የሞተ ክትባት ደግሞ ቶሎ ይረሳል። መጀመሪያ የምትከተብ ላም አንድ ጊዜ ተወግታ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም አለባት። ከዚያ በየስድስት ወሩ ነው። አምና በዚህ ወር አንድ ጊዜ የተወጋች ላም ዛሬ እንደ ተከተበች አትቆጠርም። በእኔ ግምት እኛ ዘንድ «ክትባቱ አልሠራም» ከሚባለው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው ነው፤ ቫይረሱ ተለውጦ ሳይሆን የክትባቱ ጊዜ አልፎ።

ሁለተኛው ምክንያት የመጣው ዓይነት ብልቃጡ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሦስቱን የያዘ ክትባት ሳት 1 ሲመጣ ምንም አያደርግም። ሦስተኛው ዓይነቱ ኖሮ ዘሩ መራቁ ነው። አራተኛው ቅዝቃዜ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል። የአፍተግር ክትባትን በረዶ መሥራትም እንደሚያበላሸው ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ባለሙያው ሲመጣ የያዘውን ሳጥን ማየት ነውር አይደለም። ብልቃጡ በረዶው ላይ ተጣብቆ ከሆነ ይጠይቁ።

አሁን ሌላ ቫይረስ ላምጣ፤ ከአፍተግር ጋር ሲያስተያዩት ነገሩ ይበልጥ ይገባል። የቆዳ ጉርብርብታ ነው። ከብቱ ያተኩሰዋል፣ ከዚያ ቆዳው በሙሉ ጠንካራ እብጠት በእብጠት ይሆናል። ከዝናብ በኋላ፣ ዝንብና ትንኝ ሲበዛ ይብሳል፤ ከከብት ወደ ከብት የሚያሻግሩት በአብዛኛው ተናካሽ ነፍሳት ናቸውና። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1929 ዛምቢያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜን ምዕራብ በጣና አካባቢ በኩል ነው። ዛሬ የማያውቀው አካባቢ የለም ማለት ይቻላል።

የዚህ ቫይረስ ጽሑፍ ረጅም ነው፤ 151,000 ገደማ ፊደል አለው። የተጻፈው በዲኤንኤ ነው፣ ገልባጩም የጻፈውን የሚያቃና አራሚ አለው። ስለዚህ ዝግ ብሎ ነው የሚለወጠው። ከሩቅ አገር የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ ተመሳሳይ ሆነው ይገኛሉ። ከበግና ከፍየል ፈንጣጣ ቫይረስ ጋር እንኳ የሚለያየው ከመቶ በሦስት ገደማ ነው። ለዚህ ነው የበግ ወይም የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ለከብት የሚሰጠው።

እንዲህ ከሆነ ክትባቱ ሁልጊዜ መሥራት ነበረበት። አልሠራም። ለዓመታት አገራችን ውስጥ ስንሰጠው የነበረው ከኬንያ የመጣ፣ የበግ ፈንጣጣ ተብሎ የሚታወቅ የክትባት ዘር ነበር። ከብቶች ግን ተከትበው ይታመሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ሁለት የኢትዮጵያ ጥናቶች ነገሩን አጣሩት። አንደኛው ጽሑፉን አንብቦ፣ በግ የተባለው የክትባት ዘር በእርግጥ ወደ ጉርብርብታው ቫይረስ የቀረበ ሆኖ አገኘው፤ በሜዳ ከሚዞረው ግን ይለያል። ሁለተኛው ሦስት ክትባቶችን ከብት ላይ ሞከረ። ከሦስቱ ከብቱን በደንብ የጠበቀው ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ዘር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የቫይረሱ አልነበረም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አልተጣጣሙም።

ከዚህ የባሰ ነገር ሌላ አገር ደርሷል። የጉርብርብታ ክትባት ሕያው ነው፤ ተዳክሞ የተሰጠ ቫይረስ ነው። ሁለት ዘሮች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ገልባጩ ከአንዱ ጀምሮ በሌላው ሊቀጥል ይችላል። ከሁለት ብራና እየዘለለ የገለበጠ ጸሐፊ የሚጽፈው ድብልቅ መጽሐፍ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሩሲያ ውስጥ የተገኘው ቫይረስ ከፊሉ ከክትባት ዘር፣ ከፊሉ ከሌላ ዘር የተቀዳ ነበር። ከዚያ ዓይነቱ ድብልቅ በ2019 ቻይና ታየ፣ ቀጥሎም ደቡብ ምሥራቅ እስያን አዳረሰ። ተመራማሪዎች መነሻውን ካዛኪስታን ውስጥ ከተሰጠና ከአንድ በላይ ዘር ተቀላቅሎበት ከተገኘ ክትባት ጋር አያይዘውታል። ይህ ክትባትን የሚያስጠላ ነገር አይደለም፤ ካልታወቀ ምንጭ ብልቃጥ ገዝቶ በራስ እጅ መውጋትን የሚያስጠላ ነው እንጂ።

የደስታ በሽታስ? አያቶቻችን በዘፈንና በለቅሶ የሚያነሡት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል ከገባ በኋላ ከአገሩ ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ ዘጠኝ ዐሥረኛው ያለቀበት ቦታ ብዙ ነበር። የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ። ያም ቫይረስ አርኤንኤ ነው፤ ያም አራሚ የለውም። ነገር ግን ዛሬ የለም፤ በ2011 ከምድር መጥፋቱ በይፋ ተነገረ።

አፍተግር ሳይጠፋ ደስታ የጠፋው ለምንድን ነው? ደስታም ሲገለበጥ ይሳሳት ነበር፤ ግን የቅርፊቱ ገጽ ስሕተትን አይሸከምም። ገጹ የተለወጠ ቫይረስ ወደ ሕዋስ መግባት ሳይችል ይሞት ነበር ተብሎ ይገመታል። በዚህ ምክንያት በመላው ዓለም ዓይነቱ አንድ ብቻ ሆኖ ኖረ። አንድ ክትባት ለሁሉም በቃ፣ አንዴ የተከተበ ከብትም ዕድሜውን ሙሉ ተጠበቀ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው አስቸጋሪ ስፍራ አፋር ነበር። ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መሐል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች ይዘውት በእግራቸው ገቡ፤ በሽታው በ1990ዎቹ አጋማሽ እዚያ ቆመ። የደስታ የቅርብ ዘመድ ግን ከእኛ ጋር አለ። የሕፃናት ኩፍኝ ነው። በርሊን ውስጥ ከ1912 ጀምሮ በመድኃኒት ተነክሮ የቆየ የአንድ ሕፃን ሳንባ በቅርቡ ተነብቦ፣ ሁለቱ የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። ከብት ከሰው ጋር ማደር ከጀመረ ወዲህ ያተረፍነው ወተት ብቻ አይደለም።

ወደ ኪስ ጉዳይ እንሂድ። አፍተግር ትልቅ ከብት እምብዛም አይገድልም፤ ከመቶ አምስትም አይሞላ። ጥጆችን ግን ልባቸውን አጥቅቶ በድንገት ይጥላል። ዋናው ኪሳራ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። የወተት ላም ለሳምንታት ትነጥፋለች፣ አንዳንዷ የቀድሞ ወተቷን አትመልስም። በሬ በበልግ እርሻ መሐል ከተያዘ ማሳው ጾሙን ያድራል፣ ወይም በሬ መከራየት ነው። የሚደልብ ሰንጋ ለጊፋታ ሊደርስ ሲል ይከሳል። በኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በሽታው በገባበት ቤት የሚደርሰውን ኪሳራ አርሶ አደሩ ዘንድ በአማካይ 76 ዶላር፣ አርብቶ አደሩ ዘንድ 174 ዶላር አድርጎታል። በጉርብርብታ ላይ የተደረገው የ2011 ጥናት ደግሞ ለአንድ የአገር ከብት በዓመት 6.43 ዶላር፣ ለአንድ የፈረንጅ ወይም ድቅል ከብት 58 ዶላር ብሏል። ድቅል ላም ያለዎት ሰው ልዩነቱን ልብ ይበሉ።

አማካዩ ቤትዎን ላይመስል ይችላል። ስሌቱን በራስዎ ዋጋ ይሥሩት። ላምዎ በቀን የምትሰጠውን ሊትር በሶዶ የወተት ዋጋ ያባዙ፣ በሃያ ቀን ያባዙ፤ የሁለት ሳምንት የበሬ ኪራይ ይጨምሩ። ከዚያ በዓመት ሁለት ክትባት ከነመጓጓዣው ከሚያስወጣዎ ጋር ያስተያዩት።

ከብቱ አሁን ታሞ ከሆነ ምን ይደረግ? ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሰው የሚወደው ኦክሲ የተባለው አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም፤ የሚረዳው ቁስሉ ላይ ባክቴሪያ ሲደርብበት ብቻ ነው፣ ያንንም ባለሙያ ይዘዝ። አፏን በጨው ወይም በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ማጠብ፣ ለስላሳ ሣርና ውሃ ማቅረብ፣ ደረቅ መሬት ላይ ማሳደር፣ ለሥራ አለማውጣት ይጠቅማል። የሚያጥባት ሰው ጫማውንና እጁን ሳይታጠብ ሌላ ከብት ጋ አይሂድ። ወደ ገበያ መውሰድ ግን የጎረቤትን ቤት ማቃጠል ነው።

አዲስ የገዙትን ከብት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ለብቻው ይሰሩት። ጓሮው ጠባብ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው። ሌላ ቦታ ከሌለ ቢያንስ አንድ ገንዳ አያጠጧቸው፣ አዲሱን የሚቀልበው ሰውም መጨረሻ ላይ ይቀልበው።

ሥጋውስ? ወላይታ ላይ ይህ ጥያቄ ይቀራል ብዬ አላስብም። አፍተግርም ጉርብርብታም ሰው አይዙም ማለት ይቻላል። ሕፃናት አፍና እጃቸው ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሌላ ቫይረስ ነው። እንዲያውም በሬ ታርዶ ሥጋው ሲያድር በሚፈጠረው አሲድ የአፍተግር ቫይረስ ጡንቻው ውስጥ ይሞታል፤ አጥንት መቅኒና ዕጢ ውስጥ ግን ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ለሌላ ከብት መዘዝ ነው። በጥሬ ሥጋ የሚያሰጋው ኮሶና አባ ሰንጋ ነው፤ እነሱ ደግሞ ቫይረስ አይደሉም። ታማሚ ከብት ለቁርጥ አይታረድም። ወተትም ይፈላ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ናሙና። የቀበሌው ባለሙያ ከእብጠቱ ላይ ቁራጭ ቆዳ ወስዶ ልዩ ፈሳሽ ውስጥ በቅዝቃዜ ከያዘው፣ ሶዶ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ ከዚያም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ቢሾፍቱ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ዓይነቱ ይለያል፣ ቪፒ 1 ይነበባል። ውጤቱ ሲመጣ ላምዎ ድና ይሆናል። የሚጠቅመው ቀጥሎ የሚመረተው ብልቃጥ ውስጥ የትኛው ዘር እንደሚገባ ለመወሰን ነው። ቁራጩ የሚረባው ግን ትኩስ እብጠት ላይ ሲወሰድ ነው፤ ከፈነዳ ቀናት ያለፉት ቁስል ቫይረሱ ያለቀበት ነው። ሁለት ሦስት ከብት ታሞብዎ ከሆነ ለባለሙያው ትናንት የጀመራትን ያውጡለት፤ ባለፈው ሳምንት የጀመራትን አይደለም።